ማሲንቆ፣ መሶብና የአያቴ ዳዊት፦ ከአገር ቤት ስመለስ ጉምሩክ ምን ይለኛል?

ይህን ጥያቄ የውይይት መድረካችን ላይ የለጠፍኩት ለጥምቀት አዲስ አበባ ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስሄድ ሻንጣዬ የሰው አደራ ነው። ስመለስ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ነው። ስለ ጉምሩክ ተጨንቄ አላውቅም ነበር።

የዘንድሮው ግን ሌላ ሆነ። ልጄ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ትማራለች። አንድ ቀን በስልኬ ማሲንቆ ሲመታ አየችና ካላመጣህልኝ ብላ ያዘችኝ። እናቴ ደግሞ ጎረቤቷን መሶብ አሰፍታ አስቀምጣልኛለች። ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ፦ የአያቴ ዳዊት። ብራና ነው፣ ከነማኅደሩ። አያቴ ጠዋት ጠዋት ይደግሙበት ነበር፤ ጣታቸው የሚያርፍበት የገጹ ጥግ ጠቁሯል። እናቴ ከእኔ በኋላ የሚያነበው የለም፣ ውሰደው ትላለች።

የጠየቅኩት ይኸው ነው። ስንት ዶላር ድረስ ያለ ቀረጥ ይገባል? ቆዳ፣ እንጨትና ሣር ያለበት ዕቃ ይያዛል? ዳዊቱስ? መጨረሻ ላይ፣ ዝም ብዬ ባልፍስ የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። ክሩን፣ ማለት የመልሶቹን ተርታ፣ 41 ያደረሰችው እሷ ናት። አሁን የሚመጣው ሰው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እኔው ልተርክ።

1ኛው መልስ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጸሐፊው እንኳን ለአገርህ አበቃህ ብሎ ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመት ሲመላለስ አንድም ቀን ሻንጣህን ክፈት ተብሎ እንደማያውቅ ነገረኝ። ምክሩ ፊቴን ሳላኮሳትር ቀጥ ብዬ እንዳልፍ ነበር። 2ኛው በዚህ ተስማማና ከአሥር ሺህ ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ማስመዝገብ አያስፈልግም ሲል ጨመረበት።

3ኛዋ አልተቆጣችም፣ ግን ረገጥ አድርጋ አረመችው። አሥር ሺው የጥሬ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባም የሚወጣም ማሳወቅ አለበት። የዕቃው ልክ 800 ዶላር ነው። የአሜሪካ ነዋሪ ቢያንስ 48 ሰዓት ውጭ ቆይቶ ሲመለስ፣ በ30 ቀን አንዴ፣ እስከዚህ ድረስ የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይዞ ይገባል። አንድ ቤት የሚኖር ቤተሰብ አብሮ ከመጣ ይደመርለታል። አራት ሰው 3,200 ዶላር ማለት ነው፣ የሚታዘለው ሕፃን ሳይቀር ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንድይዝ አደራ አለችኝ። ከቀረጥ ነፃ መሆንና አለማሳወቅ ለየቅል ናቸው። ቀረጥ ባይኖርበትም ሲጠየቁ መናገር ግድ ነው።

4ኛው እናቴ በነፃ የሰጠችኝ መሶብም ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። 5ኛው ይቆጠራል አለ። ውጭ አገር እጅህ የገባ ነገር ሁሉ፣ ስጦታም ይሁን ግዢ፣ እዚያው ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ይታሰባል። 6ኛዋ የእናት እጅ ስንት ዶላር ያወጣል ብላ ቀለደችና ሄደች።

7ኛው የሒሳብ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለራሱ ምሳሌ አወጣ። የ950 ዶላር ዕቃ ይዘህ ብትመጣ 800ው ይቀነስልሃል። ከዚያ በላይ ያለው፣ እስከሚቀጥለው አንድ ሺህ ዶላር ድረስ፣ በ3 በመቶ ይቀረጣል። 150ው በ3 በመቶ ሲባዛ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ሰው ለአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብሎ በመኮንን ፊት ለምን እንደሚያልበው አላብራራም፤ ቁጥሩን ብቻ ትቶልን ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ማሲንቆው፣ መሶቡ፣ ሁለት ጋቢ፣ ለባለቤቴ የሚሆን ቀሚስ። ብደምረው ብደምረው 800 አልሞላ አለኝ። የፈራሁት ለካ ሌላ ነገር ኖሯል።

8ኛው የደረሰኝ ጉዳይ አነሳ። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ የሸጠችልህ ሴትዮ ደረሰኝ ስጪኝ ብትላት ጤናህን ነው የምትጠይቀው አለ። እውነቱን ነው። 9ኛዋ መላ ነበራት። የእያንዳንዱን ዋጋ በብርና በዶላር አንድ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ከፓስፖርቷ ጋር ታስቀምጠዋለች። ይህን የተማረችው ለልጇ ሠርግ አንድ ዓይነት ጥለት ያላቸው 14 የሚዜ ቀሚሶች ይዛ ስትገባ ነው። መኮንኑ ሻንጣውን ከፍቶ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና ሱቅ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ነፃ መብቱ ለራስ ወይም ለስጦታ እንጂ ለንግድ አይደለም። ቦርሳዋን በርብራ የሠርጉን ጥሪ ወረቀት አወጣች። መኮንኑ ቀኑን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ቀሚሶቹን መልሶ አጣጥፎ ሰጣት። እንደ እሷ አጣጣፍ ግን አልነበረም። ሰባቱን እንደገና አስተኩሳለች።

10ኛው በሻንጣ ከመንገላታት በፖስታ ላክ አለኝ። 11ኛው ይህ ምክር ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አስረዳው። በፖስታ ለሚመጣ ዕቃ የነበረው የ800 ዶላር ነፃ መብት ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ተነሥቷል። ለስጦታ የቀረው እስከ 100 ዶላር ነው። 10ኛው ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ። በዚህ ክር ላይ ታርሞ ያመሰገነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

12ኛው መልስ ወሬውን ከገንዘብ ወደ ቆዳ አዞረው። ጸሐፊዋ ሲያትል በጤና ሙያ የምትሠራ ናት። ማሲንቆ ከሆነ ዋጋውን ተወውና ፊቱን ተመልከት አለችኝ። በጥሬ የፍየል ቆዳ ነው የሚለበጠው። ጥሬ ቆዳ የአባ ሰንጋን ዘር ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ፍሎሪዳ ውስጥ ከሄይቲ ከመጣ የፍየል ቆዳ ከበሮ በሽታው የተላለፈበት ሰው ነበር። በ2006 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ ባመጣው ቆዳ ከበሮ የሚሠራ ሰው ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። የሚያጋጥመው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ በተለይም ቆዳውን የሚፍቀውንና የሚቆርጠውን። በደንብ የለፋ ቆዳ፣ ቦርሳም ይሁን ቀበቶ፣ ችግር የለበትም። ጥሬውን ግን መኮንኑ ሊይዘው መብት አለው።

13ኛው ቱግ አለ። አባቶቻችን ስንት ዘመን ማሲንቆ ሲመቱ ማን ሞተ፣ ፈረንጅ ሁሉን ነገር በሽታ ያደርገዋል ብሎ ረጅም ጻፈ። ከዚያም ስለ ክትባት ጀመረ። እዘለዋለሁ።

14ኛው ያዳነን መሰለኝ። ዘመዶቹ አዝማሪዎች ናቸው፣ ማሲንቆ ሲሠራ እያየ ነው ያደገው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ጸጉሩ ይፋቃል፣ እርጥቡን ባለ አራት ማዕዘኑ ሣጥን ላይ ወጥሮ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ሲደርቅ ራሱ ይጨብጣል። ጥድፊያ የያዘው ሠሪ ግን ጠርዙ ላይ ያለውን ጸጉር ሳይፍቅ ይተዋል። ስለዚህ ስትገዛ ድምፁን ከመስማትህ በፊት ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው አለኝ። ጸጉር ካለ ሌላ አምጣ በል። ይህን ምክር የትም አላገኘውም ነበር።

15ኛው የከበሮ ታሪክ አመጣ። የደብራቸው ዲያቆን ከጎንደር ከበሮ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ እንግሊዝኛው አልመጣለት አለ። ከበሮውን አንገቱ ላይ አጥልቆ መታው። ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች መኮንኖች ተጠሩ፣ አንዷ በስልኳ ልትቀርጽ ስትል አለቃዋ ከለከላት። ከበሮው አለፈ። ዲያቆኑ ይዞት የነበረው የብርቱካን ከረጢት ግን አላለፈም።

16ኛዋ የጻፈችው ለመሶብ ሰዎች ሁሉ ነው። መሶብ ስንደዶና አክርማ ነው፣ ሣር ነው፤ ሣር ውስጥ ደግሞ ነፍሳት ያድራል። የእሷ መሶብ ሁለት ዓመት ዕቃ ቤት የተቀመጠ ነበር። የግብርና መርማሪዋ ጓንት አጠለቀች፣ ነጭ ወረቀት ዘረጋች፣ መሶቡን በላዩ ገልብጣ በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታችው። የጤፍ ገለባ ወረደ። ከገለባው መሀል ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር መራመድ ጀመረ። መሶቡ እዚያው ቀረ። ባለመናገሯ 300 ዶላርም ከፈለች። ሲጠይቋት የምግብም የዕፅዋትም ነገር የለኝም ብላ ነበር። መሶብን ዕፅዋት ብላ አስባው አታውቅማ።

17ኛው ለመጀመሪያ ጊዜ 300፣ ሲደገም 500 እንደሚደርስ ጨመረ። አዲስ የተሰፋ መሶብ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አራግፎ፣ በልብስ መጠቅለል እንጂ በገለባ መሙላት እንደማይገባም ነገረን። ከ18 እስከ 21 ያለው የምግብ ጭቅጭቅ ነው። ቋንጣ አይገባም፣ ሥጋ ነው። ቡና የተቆላውም ጥሬውም ይገባል። ሐዋይ ወይም ፖርቶ ሪኮ የሚሄድ ብቻ ጥሬውን ይተው። የቅቤው ክርክር የራሱ ክር ያስፈልገዋል፣ አሁንም አልቆመም።

22ኛዋ እናት የሚመስሉ ሰው ናቸው። ከገዳም ያመጡት እምነት፣ የተባረከው አፈር፣ በላስቲክ ተቋጥሮ ሻንጣቸው ውስጥ ተገኘና ተወሰደባቸው። አዝነው ጻፉ። 23ኛው አፈር ያለ ልዩ ፈቃድ አሜሪካ እንደማይገባ በትሕትና ገለጸላቸው። አፈሩ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ሕጉ አንድ ነው። 24ኛው ግን ትሕትና አልነበረውም። በእምነት ላይ የሚነሣ ሕግ ነው ብሎ 23ኛውን መናፍቅ አለው። እትዬ መልሰው ጻፉ፤ ስድቡን ተው፣ ልጁ ያለው ልክ ነው አሉት። ይህ 25ኛው ነው።

26ኛው ከጀርመን ገባ። እኛ ጋ በአውሮፕላን ለሚመጣ 430 ዩሮ ነው፣ እንግሊዝ 390 ፓውንድ፣ እስራኤል 200 ዶላር አለ። 27ኛው ስለ ሜሪላንድ ነው የተጠየቀው ብሎ አሳጠረው። ጀርመኑ ተቀየመ። ሳይሄድ ግን ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ። ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከትውልድ አገሩ ያለ ሕግ የወጣ ቅርስ እንዳይገባ ደንቡን አጥብቋል። ይህችን ነገር ሲጽፍ የእኔን ዳዊት እያሰበ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማንም አላነሣውም ነበር። ሁሉም አይቶት ዝም ያለ መሰለኝ።

28ኛው በር ከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ የለበትም፣ ማስረጃ ብቻ ያዝ፣ ስለዚህ ዳዊቱን ይዘህ ና አለ። 29ኛዋ እሳት ለበሰች። ቀረጥ የሌለበት እዚህ ነው፤ እዚያ ግን መውጣቱ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል አለች። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጠቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዝም ብዬ ባልፍስ ያለ ሰው ከቅርስ ሌባ በምን ይለያል ስትል ጠየቀች።

30ኛው እኔ ነኝ። የጻፍኩትን አሁን ሳነበው አፍራለሁ። የአያቴን ንብረት የሰረቅኩት ከማን ነው፣ እናቴ በእጇ የሰጠችኝን አንቺ ማን ነሽ የምትከለክዪኝ ብዬ፣ ሌላም ሌላም። አስተባባሪው በ31ኛው ሁለታችንንም ገሠጸን፤ አንድ ቃል ከጨመርን ክሩን እንደሚዘጋው አስጠነቀቀ።

32ኛው ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው። ማንንም አልሰደቡም። ዳዊቱ የቤተሰባችሁ ነው፣ ማንም አይወስድባችሁም አሉኝ። ቅርስ በግል እጅ መያዝ ይቻላል። ከአገር ማውጣት ግን ለጥናት ወይም ለኤግዚቢሽን፣ ያውም በፈቃድ ካልሆነ አይሆንም። የአንድ ቤት ዳዊት ምን ያጎድላል የሚል ካለ አፍሮ አይገባን ያስታውስ አሉ። የላሊበላው መስቀል በ1997 እንደ ፈረንጆቹ ተሰርቆ፣ ቤልጅግ አንድ ሰብሳቢ ቤት ተገኝቶ የተመለሰው በ2001 ነው። ሲወጣ እሱም በአንድ ሰው ሻንጣ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

33ኛው መቅደላን ሳያነሣ አይቀርም ብዬ ነበር፣ አነሣው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ከዚያ የሄዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አሉት። ጉምሩክ ያኔ የት ነበር ብሎ ጠየቀ። ሳቅኩ፤ ተናድጄም ቢሆን። 34ኛዋ ሮተርዳም አንድ ኢትዮጵያዊ ቤት 21 ዓመት ተደብቆ ስለተቀመጠው ዘውድ ተረከች። በ1998 የእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኘው፣ አሳልፎ አልሰጥም ብሎ ያዘው፣ በ2020 አዲስ አበባ ገባ። ከዳዊቴ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገለጸችም። ማገናኘቱን ግን ተረድቻለሁ።

35ኛው ወደ መሬት መለሰን። አዲስ የተጻፈ ብራና ከምድጃ በላይ ሰቅለው በጢስ አጥቁረው የሚሸጡ አሉ፤ አዲስ መስቀልም እንዲሁ ያረጃል። ኬላ ላይ ያለ ፈታሽ አሮጌውን ከአዲሱ በዓይኑ ሊለይ አይችልም። አሮጌ የሚመስል ነገር የገዛ ሰው አስቀድሞ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ ያሳይ፣ አይተው ወረቀት ይሰጡታል። 36ኛው አያይዞ የማይነኩትን በአጭሩ ነገረን። የዝሆን ጥርስ ሐብል፣ የነብር ቆዳ፣ ድሮ ፒያሳ ሱቆች የሚሰቀለው የጉሬዛ ምንጣፍ። አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስን ከሞላ ጎደል ዘግታለች። ኢትዮጵያም በ2015 ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች።

ከዚያ ሄድኩ። 37ኛው መልስ ከተመለስኩ በኋላ የጻፍኩት ነው።

ዳዊቱ እናቴ ዘንድ ቀረ። ሁለት ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ብርሃን ገጽ በገጽ በስልኬ አነሣሁት። እናቴ በንጹሕ ነጠላ እየያዘች ትገልጥልኛለች። መሀል ላይ አያቴ በእርሳስ የጻፏት የአንድ ሰው ዕዳ አገኘን፤ ሁለት ብር ነው፣ አልተሰረዘም። 29ኛዋ እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም አውራ ጣት ብቻ አስቀመጠችልኝ።

ማሲንቆውን ስገዛ ጠርዙን ዳበስኩ። ሦስተኛው ላይ ነው ጸጉር የሌለው የተገኘው። ሻጩ ቆዳውን እየዳበስኩ ድምፁን አለመጠየቄ ገርሞት ምን ዓይነት ገዢ ነህ አለኝ።

ካረፍኩበት አውሮፕላን ማረፊያ ለመኮንኑ ሁሉንም ተናገርኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ የእንጨትና የፍየል ቆዳ መሣሪያ፣ የሣር ቅርጫት። ወደ ግብርናው ጠረጴዛ ላኩኝ። ማሲንቆው በኤክስሬይ አለፈ። አንደኛው ጓንት አጥልቆ ፊቱን ዳበሰ፣ ልክ እኔ የዳበስኩበትን ጠርዝ። ባልደረባውን ጠራ፣ ኮምፒውተር ላይ አዩ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ሂድ አሉኝ። ቀጥሎ መሶቡን ገለበጡት። እንደ 16ኛዋ ገለባ አልወረደም። በነጠላ የተጠቀለለ፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ የታሰረ ቋንጣ ግን ወደቀ።

እናቴ ናት። መሶቡን ራሷ ነበር ያሸገችው። መኮንኑ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ምግብ እንዳለኝ ስለተናገርኩ ቅጣት አልጻፈብኝም፤ ቋንጣውን ወሰደ፣ ነጠላውን መለሰ። ማታ ደወልኩላት። ለልጆቹ እኮ ነው አለችኝ። ጥፋቱን እኔ ላይ አዞረችው፤ ማን ተናገር አለህ ተባልኩ።

38ኛው የእሱም እናት ጀበና ውስጥ ቆሎ ሞልተው እንደላኩ ጻፈ። ጀበናው ተሰብሮ ሻንጣው ሁሉ ቆሎ ሆነ። 39ኛዋ ልጅህ ማሲንቆውን ወደደችው ወይ አለች። ወዳዋለች፣ ግን አይጮህላትም ብዬ መለስኩ። 14ኛው በ40ኛው ተመልሶ ችግሩን ነገረን። የደጋኑን የፈረስ ጭራ ዕጣን ቀቡት። ደረቁን ድንጋይ ዕጣን፣ ቀስ እያደረጋችሁ፣ ነጭ ብናኝ እስኪይዝ። ቀባነው። አሁን ይጮኻል፣ ጎረቤቶቻችን ይመሥክሩ።

41ኛው ትናንት የገባ ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ሊሄድ መሆኑን ነገረንና፣ ከአሥር ሺህ ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ማስመዝገብ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። 3ኛዋን አንብብ ብዬዋለሁ።